ሽሪምፕ፣ ክሬይፊሽ ወይስ ሸርጣን? ወደ ድስት ከመግባታቸው በፊት እንለያቸው



በአገራችን «ከውሃ የሚወጣ ምግብ» ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን ዓሣ ነው፤ ቆሮሶው፣ አምባዛው። አሁን ግን ገበታው ሰፍቷል። በሳዑዲ፣ በኩዌት፣ በዱባይና በቤይሩት የሚሠሩ ብዙ እህቶቻችን በየማዕድ ቤቱ ሩብያን ይልጣሉ፤ ሸርጣን ይቀቅላሉ። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ቤተሰቦች በየሱፐርማርኬቱ የቀዘቀዘውን ከረጢት አንስተው ስሙን ያነባሉ። በአዲስ አበባ ትልልቅ ሆቴሎችም ሽሪምፕ የሚል ምግብ በዝርዝሩ ላይ መታየት ከጀመረ ቆይቷል። ታዲያ ብዙዎቻችን እነዚህን እንስሳት ሁሉ «ያ እግሩ የበዛው ነገር» ብለን በአንድ ስም እንጠቅልላቸዋለን።

መለየቱ ግን ዋጋ አለው። ምክንያቱም ሦስት ጥያቄዎች በእሱ ላይ ይመሠረታሉ። አንደኛ፣ በምንከተለው መዝሀብ መሠረት ሐላል ነው ወይስ አይደለም? ሁለተኛ፣ ከቤተሰባችን ውስጥ ይህን መብላት የሌለበት ሰው አለ ወይ? ሦስተኛ፣ እንዴት ቢበስል ነው ከበሽታ ነፃ የሚሆነው? የያዝነው ምን እንደሆነ ሳናውቅ ለአንዱም ትክክለኛ መልስ አናገኝም። በዚህ ወር ዝግጅታችን በተለይ በወንዝና በሐይቅ የሚኖሩትን፣ እርስ በርስ የሚመሳሰሉትን ቅርፊት ለበስ እንስሳት እንዴት እንደምንለያቸው እንመለከታለን።

ዓሣ አይደሉም፤ ታዲያ ምንድን ናቸው?

ሽሪምፕ፣ ክሬይፊሽ፣ ሎብስተርና ሸርጣን በሳይንሱ ክረስታሺያን ከሚባለው ወገን ናቸው። የጀርባ አጥንት የላቸውም፤ አካላቸውን የሚሸከመው ከውጭ ያለው ቅርፊት ነው። ቅርፊቱ አብሮ ስለማያድግ እንስሳው በየጊዜው አሮጌውን አውልቆ አዲስ ይለብሳል። በዚያን ሰሞን ሰውነቱ ለስላሳ ስለሚሆን ከጠላት ይደበቃል። አራቱም «ባለ አሥር እግር» ከሚባለው አንድ ምድብ ናቸው። ትልልቅ መቆንጠጫዎቹም ከእነዚህ አሥር እግሮች መካከል የሚቆጠሩ ናቸው። ስለዚህ እግር መቁጠር ብቻውን አንዱን ከሌላው አይለይልንም።

ስሙ ያሳስታል

ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለብን የገበያ ስም እምነት የማይጣልበት መሆኑን ነው። የባሕረ ሰላጤው ዐረቦች ሩብያን የሚሉትን ግብፆች ጋምበሪ ይሉታል። እንግሊዞች ፕራውን ብለው የሚሸጡትን አሜሪካውያን ሽሪምፕ ይሉታል። በግብፅ ኢስታኮዛ ማለት ሎብስተር ነው፤ ይሁን እንጂ በዓባይ ወንዝ ውስጥ የተራባው ክሬይፊሽም በዚሁ ስም ይጠራል። በደቡብ አፍሪካና በአውስትራሊያ «ክሬይፊሽ» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚሰጡህ መቆንጠጫ የሌለውን የባሕር ሎብስተር ነው።

ከሁሉ የሚገርመው የናይጄሪያው ነው። በለንደንም ሆነ በዋሽንግተን ባሉ የአፍሪካ ሱቆች «ክሬይፊሽ» ተብሎ ተፈጭቶ በከረጢት የሚሸጠው ዱቄት በአብዛኛው ደርቆ የተፈጨ ትንንሽ ሽሪምፕ ነው። በሌላ በኩል በእስያ ምግብ ቤቶች «ትንሹ ሎብስተር» የሚባለው ምግብ እውነተኛው ክሬይፊሽ ነው። እንግዲህ ስሙን ብቻ አምኖ የሚገዛ ሰው አንዱን ጠይቆ ሌላውን ይዞ ሊመለስ ይችላል ማለት ነው። መፍትሔው አካሉን ማየት ነው።

በዓይን የሚለዩባቸው ምልክቶች

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ጅራቱ የት ነው? እንስሳውን ገልብጡት። ጅራቱ ከሆዱ ሥር ታጥፎ ከተለጠፈና ከላይ የሚታየው ክብ ወይም ሰፊ ጀርባ ብቻ ከሆነ ሸርጣን ነው። የታጠፈው ጅራት በወንዱ ጠባብና ሹል፣ በሴቷ ሰፊና ክብ ነው፤ ሴቷ እንቁላሏን የምታቅፈው በዚያ ሥር ነው። ጅራቱ ወደ ኋላ ተዘርግቶ በማራገቢያ መሰል ክንፍ ካለቀ ግን ሽሪምፕ፣ ክሬይፊሽ ወይም ሎብስተር ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ አካሉ በየት በኩል ነው የተጫነው? ሽሪምፕ ግራና ቀኙ የተጫነ ቀጭን አካል ስላለው ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጡት በጎኑ ይወድቃል። ቅርፊቱ ስስ ነው፤ በጣት ይላጣል። ክሬይፊሽ ደግሞ ከላይ ወደ ታች የተጫነ፣ ጅራቱ ሰፋ ያለ ስለሆነ በሆዱ ተደላድሎ ይቀመጣል። ቅርፊቱ ወፍራምና ጠንካራ ነው፤ ሲሰበር ይንኳኳል።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ ትልቁ መቆንጠጫ የትኛው እግር ላይ ነው? ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ወንዞች የሚገኘውና በብዙ አገሮች የሚረባው ግዙፉ የወንዝ ሽሪምፕ ረጃጅም መቆንጠጫዎች ስላሉት «የወንዝ ሎብስተር» እየተባለ ይሸጣል። ወንዱ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ክንዶቹም ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ናቸው። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ግን ትልልቆቹ ክንዶች ሁለተኛው ጥንድ እግር ናቸው፤ ከፊታቸው ሌላ ቀጭን ጥንድ አለ። ክንዶቹ ረጃጅምና ቀጫጭን ናቸው። ከግንባሩ የሚወጣው ሹል ቀንድም ረጅም፣ ጥርስ ያለውና ጫፉ ወደ ላይ የቀና ነው። በክሬይፊሽ ትልቁ መቆንጠጫ የመጀመሪያው ጥንድ ነው። አጠር ብሎ እንደ መቀስ ይወፍራል፤ የግንባሩም ሹል አጭር ነው።

አራተኛው ጥያቄ የወንዙን ሽሪምፕ በብዛት ከሚሸጡት የሞቃት ባሕር ሽሪምፖች ለመለየት ይጠቅማል። የጅራቱን ቀለበቶች ከጎን ተመልከቱ። በወንዙ ሽሪምፕ የሁለተኛው ቀለበት ጎን ሰፊ ሆኖ የፊቱንም የኋላውንም ቀለበት ይሸፍናል። በባሕሮቹ ግን እንደ ጣሪያ ክዳን እያንዳንዱ ቀለበት የሚሸፍነው የሚቀጥለውን ብቻ ነው። የባሕሮቹ የፊት ሦስት ጥንድ እግሮች በጣም ትንንሽ መቆንጠጫዎች ሲኖሯቸው አንዱም ጎልቶ አይታይም። ይህ ምልክት የሚነግረን ቤተሰቡን እንጂ ውሃውን አይደለም፤ በቀዝቃዛው የሰሜን ባሕር የሚጠመዱ ትንንሽ ሽሪምፖችም ሁለተኛ ቀለበታቸው እንደ ወንዙ ነው።

አምስተኛው ጥያቄ ለሸርጣን ነው፦ የመጨረሻዎቹ እግሮች ምን ይመስላሉ? በባሕረ ሰላጤው ገበያ ቁብቁብ የሚባለው ሰማያዊው ዋናተኛ ሸርጣን የመጨረሻ ጥንድ እግሮቹ እንደ መቅዘፊያ ጠፍጣፋ ናቸው፤ በባሕር ውስጥ ይዋኝባቸዋል። የወንዝ ሸርጣን ግን እግሮቹ ሁሉ ሹል የመራመጃ እግሮች ናቸው። በድንጋይ ሥር ይደበቃል፤ ጉድጓድም ይቆፍራል፤ ወደ ዳርቻውም ይወጣል። ልጆች በአገራችን ወንዞች ድንጋይ ሲያነሱ የሚያገኙት ሸርጣን ከዚህ ወገን ነው።

ክሬይፊሾችም እርስ በርስ ይለያያሉ። በምግብነት እጅግ የተስፋፋው ቀዩ የረግረግ ክሬይፊሽ ጥቁር ቀይ ሲሆን መቆንጠጫው ላይ ደማቅ ቀይ እባጮች አሉት። ከአውስትራሊያ የመጣው ቀይ ጥፍር ክሬይፊሽ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ነው፤ የወንዱ መቆንጠጫ በውጭ በኩል ቀይ ለስላሳ ምልክት አለው። በአውሮፓ ወንዞች የተሰራጨው የአሜሪካ ክሬይፊሽ ደግሞ በመቆንጠጫው መገጣጠሚያ ላይ ነጭ ወይም ነጣ ያለ ሰማያዊ ነጠብጣብ ይታይበታል።

ተልጦና ተቆራርጦ የሚሸጥ ከሆነ በዓይን መለየት ይከብዳል። በዚህን ጊዜ ከከረጢቱ ጀርባ በትንንሽ ፊደል የሚጻፈውን ሳይንሳዊ ስም ፈልጉ። «ማክሮብራኪየም» የወንዝ ሽሪምፕ፣ «ፔነየስ» የባሕር ሽሪምፕ፣ «ፕሮካምባረስ» ወይም «ቼራክስ» ደግሞ ክሬይፊሽ ነው። የሱቅ ስም ከአገር አገር ሲለዋወጥ ይህ ስም አይለወጥም።

የመዝሀቦች እይታ

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ማኢዳህ 96ኛው አንቀጽ የባሕር አደንና ምግብ የተፈቀደ መሆኑን ይነግረናል። በሱረቱ ፋጢር 12ኛው አንቀጽ ደግሞ ጣፋጩንና ጨዋማውን ውሃ ሁለቱንም ጠቅሶ ከሁለቱም ትኩስ ሥጋ እንደምንመገብ ያስታውሰናል። ማሊክ፣ አቡ ዳውድ፣ ቲርሚዚይና ሌሎችም በዘገቡት ሐዲስ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የባሕር ውሃ ለጠሃራ እንደሚሆን፣ በውስጡ የሞተውም ሐላል እንደሆነ አስተምረዋል።

ፉቀሃዎች ከእነዚህ መረጃዎች ተነሥተው በዝርዝሩ ላይ ተለያይተዋል። በማሊኪይ፣ በሻፊዒይና በሐንበሊይ መዝሀቦች ሽሪምፕ ሐላል ነው። በሐነፊይ መዝሀብ ከውሃ እንስሳት የሚፈቀደው ዓሣ ነው፤ ስለዚህ ሸርጣንና ክሬይፊሽ አይበሉም። በሽሪምፕ ላይ ግን የሐነፊይ ኡለሞች ራሳቸው ይለያያሉ፤ ዐረቦች ከጥንት ከዓሣ ወገን ይቆጥሩታል ብለው የፈቀዱ አሉ፤ ዓሣ አይደለም ብለው የተዉትም አሉ። በሻፊዒይ መዝሀብ ደግሞ ዋናው ጥያቄ «በውሃም በየብስም የሚኖር ነው ወይ?» የሚል ነው። በዚህም ምክንያት የመዝሀቡ ኪታቦች ሸርጣንን ከእንቁራሪት ጋር ከማይበሉት መድበውታል።

እዚህ ላይ የመለየት ጥቅም ጎልቶ ይታያል። አብዛኛው ሙስሊም ሻፊዒይ በሆነባት በኢንዶኔዥያ የኡለማ ምክር ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ስለ ሸርጣን ሲጠየቅ መጀመሪያ የጠራው የውሃ እንስሳት ባለሙያዎችን ነበር። ባለሙያዎቹም በገበያ የሚሸጡት ትልልቅ የባሕር ዳርቻ ሸርጣኖች በስንጥብ እንደሚተነፍሱ፣ እንቁላላቸውን በውሃ ውስጥ እንደሚጥሉና ኑሯቸው በውሃ እንጂ በየብስ እንዳልሆነ አስረዱ። ምክር ቤቱም ለጤና ጉዳት እስካላመጡ ድረስ ሐላል ናቸው ብሎ ወሰነ። ውሳኔው ለእነዚያ ሸርጣኖች ነው፤ ዳርቻ ላይ ወጥቶ ለሚራመደው የወንዝ ሸርጣን በቀጥታ መውሰድ አይቻልም። ስለዚህ ወደ ሸይኻችሁ ስትሄዱ «ሸርጣን ይበላል?» ብቻ አትበሉ፤ የትኛው እንደሆነና የት እንደሚኖር ጨምራችሁ ጠይቁ።

ሌላም ማስታወሻ አለ። እንስሳው ራሱ ቢፈቀድም አብሮት የገባው ነገር ምግቡን ሊያበላሸው ይችላል። በአሜሪካ ሉዊዚያና ግዛት ክሬይፊሽ በትልቅ ድስት ሲቀቀል ከአሳማ ሥጋ የተሠራ ቋሊማ አብሮ መግባቱ የተለመደ ነው፤ ቢራ የሚጨምሩም አሉ። በቻይና ሸርጣንን በአልኮል ዘፍዝፎ ጥሬውን የሚያቀርብ ምግብ አለ። «የሸርጣን እንጨት» ተብሎ የሚሸጠው ቀይና ነጭ ምግብ ደግሞ ዋናው ነገሩ የተፈጨ ዓሣ ነው፤ ነገር ግን የሸርጣን ጭማቂና ሚሪን የተባለው የሩዝ ወይን ሊኖርበት ስለሚችል ዝርዝሩ ሳይነበብ አይገዛ።

ከወንዝ የሚመጣው በሽታ

የወንዝ ሸርጣንና ክሬይፊሽ ከባሕሮቹ የሚለዩበት ትልቁ የጤና ጉዳይ የሳንባ ትል ነው። ትሉ መጀመሪያ በወንዝ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል፤ ከዚያም ወደ ሸርጣን ወይም ክሬይፊሽ ሥጋ ይገባል። ሰው ያንን ሥጋ ጥሬውን ወይም በደንብ ሳይበስል ሲበላ ትሉ ከአንጀት ወጥቶ ወደ ሳንባ ይጓዛል። ሕመምተኛው ለረጅም ጊዜ ይስላል፣ ደረቱን ያመዋል፣ አክታውም ደም የተቀላቀለበት ይሆናል። ምልክቱ ከሳንባ ነቀርሳ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል ብዙ ሰዎች በስሕተት የነቀርሳ መድኃኒት ሲወስዱ ቆይተዋል።

በሽታው የሩቅ ምሥራቅ ብቻ አይደለም። በካሜሩንና በናይጄሪያም ይታወቃል። በናይጄሪያ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1970፣ በምሥራቁ ክፍል ሥጋና ዓሣ በመጥፋቱ ሕዝቡ የወንዝ ሸርጣን ወደ መብላት ሲዞር በሽታው ተስፋፍቶ ነበር። በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛትም እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2010 ባለው ጊዜ ከወንዝ ያወጡትን ክሬይፊሽ ጥሬውን ወይም ሳይበስል የበሉ 9 ሰዎች በዚሁ ትል ታመዋል።

ሎሚ መጭመቅ፣ ኮምጣጤ፣ ጨው፣ አኩሪ አተር ሶስም ሆነ አልኮል ትሉን ይገድላል ተብሎ አይታመንበትም። በኮሪያ በሶስ የተዘፈዘፈ ጥሬ የወንዝ ሸርጣንና ለኩፍኝ መድኃኒት ተብሎ ለልጆች ይሰጥ የነበረ የክሬይፊሽ ጭማቂ ብዙዎችን አሳምሟል። የሚያድነው እሳት ነው። ጥሬው የተከተፈበት ቢላዋና መክተፊያም ለሰላጣ ከመዋሉ በፊት በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠብ። እንዲህ ያለ ነገር በልቶ ሳል የቆየበት ሰው ሐኪም ዘንድ ሲሄድ የበላውን ሳይደብቅ ይንገር። ትሉ ለቢልሃርዝያ በሚሰጠው በፕራዚኳንቴል ይታከማል፤ መጠኑን የሚወስነው ግን ሐኪሙ ነው።

አለርጂ ያለበት ሰው

አንዳንድ ሰው ሽሪምፕ እንደበላ ሰውነቱ ያሳክከዋል፣ ከንፈሩና ፊቱ ያብጣል፣ ያስመልሰዋል፤ ባስ ሲልም ትንፋሽ ያጥረዋል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ትሮፖማዮሲን የተባለው የጡንቻ ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን በእሳት አይጠፋም፤ ስለዚህ «በደንብ አብስዬ ሰጠሁት» ማለት አያድንም። በሽሪምፕ፣ በክሬይፊሽና በሸርጣን ያለውም በጣም ተመሳሳይ በመሆኑ ለአንዱ አለርጂ ያለው ሰው ለሌላውም ሊኖረው ይችላል። ይህን ሰው «ይሄ ሽሪምፕ አይደለም፣ ክሬይፊሽ ነው» ብሎ ማብላት አደጋ ነው። በአንጻሩ የዓሣ አለርጂ የተለየ ነው፤ ዓሣ የማይስማማው ሁሉ ሽሪምፕ አይስማማውም ማለት አይደለም።

ትንፋሽ ሲያጥር፣ ድምፅ ሲዘጋ ወይም ሰውየው ራሱን ሲስት ያለ ምንም መዘግየት ወደ ሕክምና ማድረስ ያስፈልጋል፤ ሕይወት አድኑ መድኃኒት የአድሬናሊን መርፌ ነው። በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች ስትልጡ እጃችሁ ካሳከከ ወይም ከእንፋሎቱ ደረታችሁ ከተጨነቀ አትናቁት፤ ለአሠሪያችሁ ተናገሩ። በአውሮፓና በአሜሪካ የታሸገ ምግብ ላይ ቅርፊት ለበስ እንስሳት መኖራቸው በግልጽ እንዲጻፍ ሕግ ያስገድዳል፤ ስለዚህ ጽሑፉን ማንበብ ልማድ ይሁን። ሸሪዓችን ነፍስን መጠበቅ ግዴታ አድርጎብናልና ለሌላው ሐላል የሆነ ምግብ እሱን ለሚጎዳው ሰው እንዲበላው አይመከርም፤ አይገደድምም።

የምግብነት ጥቅማቸው

ለሚስማማውና ለሚፈቀድለት ሰው ጥቅማቸው ብዙ ነው። 100 ግራም የተቀቀለ ሽሪምፕ 24 ግራም ያህል ፕሮቲን ሲኖረው ስቡ ከ1 ግራም በታች ነው። ክሬይፊሽ በዚሁ መጠን ወደ 17 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። ቫይታሚን ቢ12፣ ሴሊኒየምና ዚንክም ይገኝባቸዋል። ኮሌስትሮላቸው ከፍ ይላል፤ በ100 ግራም ሽሪምፕ ወደ 190 ሚሊ ግራም ገደማ አለ። ሆኖም የጠገበ ስባቸው ትንሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጉዳቱ የሚመጣው አብሮ ከሚገባው ቅቤና ከሚጠበስበት ዘይት ነው። ሪህ ያለበት ሰው ግን የዩሪክ አሲድ ስለሚጨምሩበት ከሐኪሙ ጋር ይመካከር።

የክሬይፊሽና የሸርጣን ጭንቅላት ውስጥ ያለው ቢጫ ወይም ቡናማ ለስላሳ ነገር በብዙ አገር እንደ ቅባት ይወደዳል። ይህ ግን ምግብ የሚፈጭበትና መርዝ የሚጠራቀምበት እጢ ነው። ከተበከለ ውሃ የመጣ ከሆነ እንደ ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች የሚከማቹት እዚያ ስለሆነ ለልጆችና ለነፍሰ ጡሮች ባይሰጥ ይመረጣል።

ስንገዛና ስናበስል

ሕያው ሸርጣንና ክሬይፊሽ ከሞቱ በኋላ ሥጋቸው በጣም ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ የሚገዙት ሕያው ሆነው ወይም በትክክል ቀዝቅዘው ይሁን፤ መቼ እንደሞተ የማይታወቅ አይወሰድ። ትኩስ ሽሪምፕ የውሃ ሽታ እንጂ የአሞኒያ ሽታ የለውም፤ ቅርፊቱ ይጠነክራል፣ ጭንቅላቱ አይላቀቅም። የቀዘቀዘውን በማቀዝቀዣ ውስጥ ሌሊቱን አቅልጡት እንጂ ጠረጴዛ ላይ አታሳድሩት። በጀርባው ላይ የሚታየው ጥቁር ክር አንጀቱ ነው፤ በቢላዋ ጫፍ ተስቦ ይወጣል።

ሕያውን እንስሳ ማሠቃየት በዲናችን የተጠላ ነው። ከመቀቀል በፊት በበረዶ ውስጥ አቆይቶ ማደንዘዝ ይቻላል። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ሎብስተርን ሳያደነዝዙ በፈላ ውሃ ውስጥ መጨመርን ከልክላለች።

ሲበስሉ መቅላታቸው በቅርፊቱ ውስጥ ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ የነበረው ቀይ ቀለም በሙቀት ሲለቀቅ ነው። ቅርፊቱ ቀላ ማለት ግን ውስጡ በሰለ ማለት አይደለም። ሥጋው መስታወት መሰል ግልጽነቱን አጥቶ ሙሉ ለሙሉ ነጭና ጠጣር ሲሆን ነው የበሰለው። የሙቀት መለኪያ ያለው ሰው መካከሉ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረሱን ያረጋግጥ። ከበላ በኋላ ባለው አንድ ቀን ውስጥ ከባድ የጡንቻ ሕመም የተሰማውና ሽንቱ እንደ ቡና የጠቆረበት ሰው ፈጥኖ ሐኪም ይይ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በቻይና ናንጂንግ ከተማ ክሬይፊሽ ከበሉ ሰዎች መካከል እንዲህ ያለ ሕመም የደረሰባቸው ነበሩ።

ወንዛችን አማና ነው

በመጨረሻ ለወላጆች አንድ ነገር እናስታውስ። በአፍሪካ ዋና ምድር ላይ በተፈጥሮ የሚገኝ ክሬይፊሽ የለም፤ የአህጉሩ ነባሮች የሚኖሩት በማዳጋስካር ደሴት ብቻ ነው። በኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ ያለው ቀይ ክሬይፊሽ እ.ኤ.አ. በ1970 ሰው ያስገባው ነው። በግብፅም በ1980ዎቹ ገብቶ በዓባይ ተራብቷል፤ በዛምቢያና በዚምባብዌ መካከል ባለው በካሪባ ሐይቅ ደግሞ የአውስትራሊያው ቀይ ጥፍር ተስፋፍቷል። የውሃ ተክሉን ይጨርሳሉ፣ የዓሣ አጥማጁን መረብና የተያዘውን ዓሣ ያበላሻሉ፣ ዳርቻውን ይቆፍራሉ። በመስታወት ገንዳ የሚያረቡት ባለ ዝንጉርጉሩ ክሬይፊሽ ደግሞ ሁሉም ሴት ነው፤ ያለ ወንድ ስለሚራባ ወንዝ ለመውረር አንዷ ብቻ ትበቃለች።

ይህን ከምዕራብ አፍሪካው ነባር የወንዝ ሽሪምፕ ጋር አነጻጽሩት። ያ ሽሪምፕ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ ይበላል። በሴኔጋል ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. በ1986 የተጠናቀቀው የዲያማ ግድብ መተላለፊያውን ዘግቶበት ሲጠፋ በሽታው ተባባሰ። ተመራማሪዎች በአንድ መንደር ሽሪምፑን መልሰው ካስገቡት በኋላ የታመሙ ቀንድ አውጦች መቀነሳቸውንና ሰዎች ከሕክምና በኋላ ዳግም የመያዛቸው መጠን ማነሱን እ.ኤ.አ. በ2015 አሳውቀዋል። እንግዲህ በመልክ የሚቀራረቡ ሁለት ፍጥረታት አንዱ ለወንዙ ጠባቂ ሲሆን ሌላው ጠላት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ከሌላ አገር የመጣ ሕያው ክሬይፊሽ በማንኛውም ምክንያት ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ አይለቀቅ።

ውድ አንባቢያን! በአጭሩ ከረጢቱን ስናነሣ ጅራቱን፣ አካሉን፣ መቆንጠጫውን እንይ፤ በከረጢቱ ጀርባ ያለውን ስም እናንብብ። ከዚያ ስለ ሑክሙ ኡለማን፣ ስለ ጤናችን ሐኪምን እንጠይቅ። ሁለቱም የሚመልሱልን በትክክል ላሳወቅናቸው ነገር ነውና። አላህ ሐላሉን ጠይበን የሚመገቡ፣ አማናቸውን የሚጠብቁ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።